ያቺ ቀርፋፋ ባቡር የት ሄደች?

ባለፈው ሐምሌ እማዬን ይዘን ዲዝኒላንድ ሄደን ነበር። («እማዬ» ስንል የአንዳችን እናት ናት። ሁላችንም ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ አፓርታማ፣ በአንድ ኮሪደር ላይ ስላደግን ማን ማንን እንደወለደ ማጣራት ከተውን ቆይተናል።) ልጆቻችን ከፊት እየሮጡ፣ እኛ ከኋላ ቦርሳ ተሸክመን፣ እማዬ ደግሞ ጉልበቷን እየደገፈች «ቱሞሮውላንድ» ከሚባለው ክፍል ስንደርስ ቆም አለችና ቀና ብላ አየች። ከራሳችን በላይ ሐዲድ አለ። ይጠማዘዛል፣ ሕንጻ ውስጥ ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል፣ ከዛፎቹ በላይ አልፎ ይመለሳል። ምንም ነገር ግን አይሄድበትም።

«ያቺ ቀርፋፋ ባቡር የት ሄደች?» አለችን።

ከተዘጋች ሠላሳ ዓመት እንዳለፋት ስንነግራት አላመነችንም። «ታዲያ ዘግተዋት ከሆነ መንገዷን ለምን አላፈረሱትም?» አለች። መልስ አልነበረንም። ልጆቹ ሰልፍ ይዘው እየጠሩን ስለነበር ነገሩ በዚያው ታለፈ፤ ግን ቤት ከገባን በኋላም አልለቀቀንም።

መቼም «ድሮ ቀረ» የሚል ሰው እንደሚያሰለች እናውቃለን። እኛም ከአባቶቻችን ጠግበነዋል። ፒያሳ ድሮ፣ ቡና ድሮ፣ ቅቤ ድሮ፤ የድሮ ቅቤ ያልቀመሰ ቅቤ አልቀመሰም! ስለዚህ በዚህ ዕድሜያችን (ወጣት የምትሉን እናንተ ናችሁ፤ ወገባችን ሌላ ይላል) እኛም በተራችን ቁጭ ብለን ስለ ጠፋ መጫወቻ ማልቀስ ስንጀምር ትንሽ አፍረናል። ነገሩ ግን የልቅሶ ብቻ አይደለም፤ ክርክር አለን። ከዚያ ፓርክ ከጠፉት መጫወቻዎች መካከል መጥፋት የሚገባቸው ነበሩ። ጠፍተው ማንንም ያልጎዱም ነበሩ። ቀርፋፋዎቹ ሲጠፉ ግን አብረዋቸው ከጨዋታው የወጡ ሰዎች አሉ፦ እናቶቻችንና አያቶቻችን።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። ዲዝኒላንድ ከሎስ አንጀለስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ አናሃይም በምትባል ከተማ፣ ቀድሞ የብርቱካን እርሻ በነበረ መሬት ላይ ጁላይ 17 ቀን 1955 ተከፈተ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መሥራቹ ዋልት ዲዝኒ ፓርኩ መቼም እንደማያልቅ፣ ሁሌም እየተጨመረበት እንደሚሄድ ይናገር ነበር። እንደ ቃሉም ሆነ፤ እየተጨመረ ነው። የሚጨመረው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ፈርሶ ነው።

እማዬ «ቀርፋፋ ባቡር» ያለቻት ስሟ ፒፕልሙቨር ነው። ሰው አጓጓዥ እንደማለት። ሥራ የጀመረችው ጁላይ 1967 ነው፤ ዋልት ዲዝኒ በዲሴምበር 1966 ስላረፈ ስትከፈት አላያትም። የታሰበችውም ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። ወደፊት በከተሞች ውስጥ ሰው በዚህ ዓይነት ይመላለሳል የሚል ሕልም ነበር፤ ስሟም ዛሬ በአየር ማረፊያዎች ከተርሚናል ተርሚናል ለሚያመላልሱ ባቡሮች የወል መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። አሠራሯ ይገርማል። ሰረገላዎቹ ሞተር የላቸውም፤ ሞተሩ ያለው መንገዱ ላይ ነው። በየሦስት ሜትሩ ገደማ ሐዲዱ ውስጥ የተተከለ ጎማ እየተሽከረከረ የሰረገላውን ሆድ ወደ ፊት ይገፋዋል። አንዱ ጎማ ገፍቶ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ ሠርግ ቤት ሳህን ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉ ልጆች። ጎማዎቹ የጉድይር ነበሩ፤ የመጫወቻዋም ስፖንሰር ይኸው የጎማ ኩባንያ ነበር።

ደግሞ አትቆምም። ሰው ሲሳፈርም አትቆምም። መሳፈሪያው ራሱ እንደ ትልቅ ምጣድ ክብ ሆኖ ከሰረገላዎቹ ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ተሳፋሪው ምጣዱ ላይ ይወጣና ልክ የቆመ ነገር ላይ እንደሚገባ ሁሉ ዘው ይላል። ከዚያ 16 ደቂቃ ያህል ከሰው ራስ በላይ መዞር ነው። ከታች ትንንሽ መኪና የሚነዱ ልጆች ይታያሉ፤ ሰርጓጅ መርከቦቹ ያሉበት ሐይቅ ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ ሕንጻ ውስጥ ገብታ ጨለማ ይሆናል፣ ግድግዳው ላይ «ትሮን» ከሚባለው የ1982 ፊልም የተወሰደ ብርሃን ይሯሯጣል። ከዚያ ወደ ፀሐይ ትወጣለች። በቃ። መውደቅ የለ፣ መገልበጥ የለ፣ ውኃ መረጨት የለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት አሜሪካኖች በብረትና በጎማ የሠሩት ይመስለን ነበር።

አሁን ወደ እማማ እንምጣ። (የአንዳችን አያት ናቸው፤ እዚህም ላይ ዝርዝር አያስፈልግም።) እማማ በ1994 ኦገስት ላይ ልጃቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሊያዩ ከጎንደር መጡ። አባቶቻችን ተማክረው «አሜሪካ መጥተው ዲዝኒላንድን ሳያዩ አይሄዱም» አሉና አንድ ቅዳሜ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቫን ተጭነን በ5 ቁጥር አውራ ጎዳና ወረድን። ፍልሰታ ገብቶ ስለነበር እማማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በእጃቸው የገብስ ቆሎ የያዘች ትንሽ ቦርሳ አንጠልጥለው ከአንዱ መጫወቻ ወደ ሌላው ይከተሉናል።

ምንም ነገር ላይ ማሳፈር አልተቻለም። ማተርሆርን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ተራራ አሳየናቸው፤ ከውስጡ የሰው ጩኸት ሲሰሙ ደነገጡ። «ምን እያደረጓቸው ነው?» አሉ። ደስ ብሏቸው ነው የሚጮኹት ብንላቸው «ደስታ እንዲህ ያስጮኻል?» ብለው አባባን በጥርጣሬ አዩት። ሮኬቶቹ ይዞራሉ፤ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። መርከቡ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እሳቸው አይገቡም። በመጨረሻ የቀሩት እንደ ሁልጊዜው ቦርሳ ጠባቂ ሆነው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። እማዬም አብራቸው ቁጭ አለች። ይህ በእኛ ቤት የተለመደ አቀማመጥ ነበር፤ ልጆችና አባቶች ሰልፍ ላይ፣ ሴቶቹ ቦርሳ ጥበቃ።

ፒፕልሙቨሯን ሲያዩ ግን እማማ ራሳቸው ጠየቁ። «ይህችስ? ይህች ላይ ሰው አይጮህም» አሉ።

ተሳፈሩ። ምጣዱ ላይ ሲወጡ ብቻ የአባባን ክንድ አጥብቀው ያዙ። ጨለማው ጋ ስንደርስ «በስመ አብ» ብለው አማተቡ፣ ወደ ፀሐይ ስንወጣ «ተመስገን» አሉ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፎ ነበርና ቦርሳዋን ፈትተው ቆሎ አዘገኑን። (መጫወቻ ላይ መብላት ክልክል መሆኑን ያኔም እናውቅ ነበር፤ እማማን ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል?) አራት ጊዜ ተሳፈርን። ሰልፉ አጭር ነበር፤ እማማም «እንደገና» አሉ።

ያ ቀን ለምን እንደማይረሳን ብዙ አስበንበታል። ምክንያቱ ባቡሯ አይመስለንም። በዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ የተኛ ሰው ነበር። አንዱ አባታችን ሌሊት መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ይሠራል፤ ሌላው ታክሲ ይነዳል፤ እናቶቻችን የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ተረኛ ናቸው። ልጅነታችን «ዝም በሉ፣ ተኝቷል» በሚል ቃል የተሞላ ነው። ወላጆቻችን ሁሉም በአንድ ጊዜ ነቅተው፣ ሳይሠሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሰዓት ሳያዩ ቁጭ ብለው ያየናቸው እዚያች ባቡር ላይ ነው። ከባቡሯ መውረድ አይቻልም፣ ማፋጠን አይቻልም፣ የሚሠራ ነገር የለም። ስለዚህ አወሩ። አባባ በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ ተኝቶ እንደጠፋ፣ አገር ሁሉ ችቦ ይዞ ሲፈልገው እንዳደረ የሰማነው ያኔ ከእማማ አፍ ነው። አባባ ሲስቅ አየነው። ስድስት ዓመታችን ነበር፤ ለእኛ ከሮኬት የሚበልጥ ትርኢት ነው።

ፒፕልሙቨር የተዘጋችው በዓመቱ፣ ኦገስት 21 ቀን 1995 ነው። ቀኑን ስናሰላው ፍልሰታ ሊፈታ አንድ ሌሊት ሲቀረው። እማማ አገራቸው ገብተው ነበር። በስልክ በተገናኘን ቁጥር የእያንዳንዳችንን ደህንነት በስም ከጠየቁ በኋላ «ባቡሯስ ደህና ናት?» ይሉ ነበር። ደህና ናት እንላለን። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራል፤ የባቡርን መርዶ ግን ማን ያረዳል? እስኪያርፉ ድረስ አልነገርናቸውም።

ብቻዋን አይደለም የሄደችው። ስካይዌይ የሚባለው በገመድ ላይ የሚንሳፈፍ ቅርጫት ከ1956 ጀምሮ ከአንዱ የፓርኩ ክፍል ወደ ሌላው ሰው ሲያሻግር ኖሮ በ1994 ኖቬምበር ቆመ። በማተርሆርን ተራራ ሆድ ውስጥ በተተወለት ቀዳዳ ያልፍ ነበር፤ እኛ እየተንሳፈፍን ከበታቻችን ባለ ሸርተቴዎቹ እየጮኹ ይበራሉ። የገመዱ ቅርጫት ላይ አንዱ አባታችን ጫማውን ያወልቅ ነበር። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ እግር ነው። «እዚህ ማንም አይጠራኝም» ይል ነበር፤ እኛ እንደ ቀልድ ሰምተነው አለፍን።

ሰርጓጅ መርከቦቹ ደግሞ የ1959 ናቸው። ስምንት ነበሩ። እውነቱን ለመናገር አይሰርጉም፤ ተሳፋሪው የሚቀመጠው ከውኃው መስመር በታች ስለሆነ በክቡ መስኮት ውኃው ውስጥ ያያል፣ አረፋ ሲለቀቅበት የሚወርድ ይመስለዋል። መጨረሻ ላይ ዓይኖቹ የተንሸዋረሩ የባሕር ዘንዶ ይመጣል፤ ሊያስፈራራ ነው የተባለው፣ ግን ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም። በ1998 ተዘጉ። ይህ ግን የምሥራች ያለው ታሪክ ነው፤ ለዘጠኝ ዓመት ሐይቁ ዝም ካለ በኋላ በ2007 «ኒሞ» በሚባለው የዓሣ ፊልም ታሪክ ተመልሰው ተከፈቱ። የተዘጋ ነገር ሁሉ አይመለስም ለሚሉን ይህን እንዲይዙልን እንፈልጋለን።

ሳንወለድ የሄደም አለ፤ በአባባ አፍ ብቻ የምናውቀው። በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ብዙ ኢትዮጵያውያንን ከሱዳን ወደዚህ አገር አመጣ፤ አባባም ከእነሱ አንዱ ነው። በመጣ በጥቂት ወሩ የተቀበሉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዲዝኒላንድ ወሰዱት። እዚያ «ወደ ውስጠኛው ጠፈር» የሚሉት፣ ከ1967 እስከ 1985 የነበረ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኬሚካል ኩባንያው ሞንሳንቶ ይደግፈው የነበረ መጫወቻ ነበር። ሰው እንደ ቅርፊት ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ግዙፍ ማይክሮስኮፕ ይገባል፤ ከዚያ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል፣ የበረዶ ቅንጣት እንደ ተራራ ይገዝፍበታል፣ እስከ አቶም ድረስ ይወርዳል። ሲመለስ አንድ ትልቅ የሰው ዓይን በማይክሮስኮፑ በኩል ቁልቁል ያየዋል። አባባ እንግሊዝኛውን በቅጡ አልሰማውም ነበር፤ «የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ» ይላል። አሁን በቦታው የጠፈር መርከብ የሚንጥ ሌላ መጫወቻ አለ፤ አባባ ወገቡ ስለማይችል አይገባም።

ይህን ሁሉ ስንዘረዝር ግን «የጠፋ ሁሉ ይመለስ» የምንል እንዳይመስላችሁ። እዚህ ላይ ከሌሎች የፓርኩ ናፋቂዎች ጋር እንለያያለን። በ1955 ፓርኩ ሲከፈት በነጻነት ፈንታ ማገልገልን የሚወድ ፈገግተኛ ጥቁር ሴት ምስል የተለጠፈበት «አክስት ጀማይማ» የሚባል የፓንኬክ ቤት ነበረው፤ በአካል ያንን ሆና እንግዳ የምትቀበልም ጥቁር ተዋናይት ተቀጥራለት ነበር። በ1970 ቀረ። አልናፈቀንም። የጫካ ጉዞ በሚባለው ጀልባ ዳር ጦር ይዘው የሚዘሉ፣ የሰው ቅል የሚሸጡ «የአገሬው ሰዎች» ቆመው ነበር፤ ልጅ ሆነን እዚያ ጋ ስንደርስ ጀልባው ላይ ያሉት ፈረንጆች ሲስቁ እማዬ ፊቷን ታዞር ነበር። በ2021 ተነሡ። እሰይ።

ከባዱ «ስፕላሽ ማውንቴን» ነው። እውነት እንናገር፤ እንወደው ነበር። በ1989 ተከፍቶ በ2023 ሜይ መጨረሻ ተዘጋ። ከተራራው ጫፍ በግንድ ጀልባ ውኃ ውስጥ መወርወር ነው፤ ከሱ ስንወጣ ረጥበን ነው ወደ ቤት የምንሄደው። ታሪኩ የተወሰደው ግን ከ1946ቱ «ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ» ፊልም ነበር፤ በደቡብ እርሻዎች ላይ የነበረውን የጥቁሮች ኑሮ እንደ ደግ ዘመን የሚያሳይ በመሆኑ ኩባንያው ራሱ አሜሪካ ውስጥ በቪዲዮ እንኳ አላወጣውም። በ2020 ይለወጣል ሲባል ጩኸት ተነሣ፣ ብዙ ሰው ፊርማ አሰባሰበ። በ2024 ኖቬምበር ያው ውኃ፣ ያው ተራራ፣ ያው መወርወር በጥቁሯ ልዕልት በቲያና ታሪክ ተከፈተ። ልጆቻችን ረጥበው ወጡ፤ እኛ በልጅነታችን የሳቅነውን ሳቅ ሳቁ። ታዲያ ምን ጠፋ? ደስታው አለ፣ ስድቡ ሄደ። ለዚህኛው ማልቀስ አይገባንም።

የፒፕልሙቨር ግን ተቃራኒው ነው፤ በውስጧ ማንንም የሚሰድብ ነገር አልነበረም፣ ይልቁንም ማንንም የማታገል እሷ ብቻ ነበረች። እስቲ በምን እንደ ተተካች እንያት። በ1998 በዚያው ሐዲድ ላይ «ሮኬት ሮድስ» የሚባሉ ፈጣን መኪናዎች ተለቀቁ። አሥራ ስድስቱ ደቂቃ ወደ ሦስት ወረደ። ሐዲዱ ግን ለቀርፋፋ ነገር የተሠራ ስለሆነ ኩርባው ላይ ወደ ጎን አላጋደለም፤ ፈጣን ነገር ኩርባ ላይ ካላጋደለ ይወረወራል። ማጋደል ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አልተደረገም። ስለዚህ መኪናዎቹ ቀጥታው ላይ ይከንፋሉ፣ ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፍሬን፣ ደግሞ መክነፍ፣ ደግሞ ፍሬን። ጎማ ይበላል፣ ይበላሻል፣ ይቆማል፣ ሰው ለሦስት ደቂቃ ሰዓታት ይሰለፋል። በ2000 ሴፕቴምበር ቆሙ፤ በ2001 እንደማይመለሱ ተነገረ። 28 ዓመት የሠራችውን አንሥተው ሁለት ዓመት ተኩል ያልሞላው ተከሉባት። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ ባዶውን ነው።

እኛ ሮኬት ሮድስን ሞክረናል፤ አሥር ዓመታችን ነበር፣ ጮኸናል፣ ወደነዋል። እማዬ የት ነበረች? አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ቦርሳ ጥበቃ።

በሌላ በኩል ያለውን ክርክር አንደብቅም። ጉድይር ስፖንሰርነቱን በ1981 መጨረሻ አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ የጎማውም የሞተሩም ወጪ የፓርኩ ነው፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎማዎችን መንከባከብ ቀልድ አይደለም። የሰው ሕይወትም ጠፍቷል፦ በ1967ና በ1980 ባቡሯ እየሄደች ከሰረገላ ወደ ሰረገላ ሊዘሉ የሞከሩ ሁለት ወጣቶች ሞተዋል። የዛሬ የደህንነት ደንብና ከ1990 ጀምሮ ያለው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ዛሬ እንደ አዲስ ለሚሠራ መጫወቻ ብዙ ይጠይቃሉ፤ መጠየቃቸውም ትክክል ነው። እንዲያው ዝም ብሎ ማብሪያውን ተጭኖ ማስነሣት እንደማይቻል ይገባናል።

ይገባናል ግን ፍሎሪዳ ውስጥ ያለችው እህቷስ? በ1975 የተከፈተችው የፍሎሪዳው ፓርክ ፒፕልሙቨር እስከ ዛሬ ትሠራለች። እዚያ የሚገፋት ጎማ ሳይሆን በሐዲዱ ውስጥ ያለ መግነጢሳዊ ሞተር ነው። ስለዚህ ቀርፋፋ መሆን በራሱ የሚገድል በሽታ አይደለም። አንዱ ኩባንያ አንዷን አኑሮ አንዷን ከገደለ፣ የምርጫ ጉዳይ ነው ማለት ነው።

ምርጫውን ምን እንደሚመራው የራሳችን ግምት አለን። በ1955 የአዋቂ መግቢያ አንድ ዶላር ነበር፤ መጫወቻዎቹ ለየብቻ በትኬት ይከፈልባቸዋል፣ ኋላም ከሀ እስከ ሠ እንደ ማለት በፊደል ተደልድለው፤ ይህ አሠራር በ1982 ቀረ። አሁን በሚጨናነቅበት ቀን የአንድ ቀን የአንድ ሰው መግቢያ ከ200 ዶላር ያልፋል፤ ሰልፍ ለመቅደም ደግሞ ሌላ ክፍያ አለ። ይህን የከፈለ ሰው እንዲጮህ ይፈለጋል። የጮኸ ሰው ገንዘቡ የወጣበትን ያውቃል፤ 16 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቆሎ የቆረጠመ ሰው ግን ምን ገዛሁ ይላል? በማስታወቂያ ላይ አይወጣ፣ ለጎረቤት አይወራ። ችግሩ እማማ ጎንደር ተመልሰው ለጎረቤት ያወሩት እሷኑ ብቻ መሆኑ ነው።

ሰውም ያለቀው በዚህ ስሌት ነው። ቁመት የሚለካበት እንጨት ለልጆች አለ፤ ይህን ካልሞላህ አትገባም የሚል። ለሽማግሌዎች እንጨት የለም፣ ግን መግቢያው ላይ የልብ ሕመም ያለበት፣ የወገብ፣ የአንገት፣ የደም ግፊት ያለበት እንዳይሳፈር የሚል ማስታወቂያ አለ። እማዬ ማስታወቂያውን አንብባ ስትጨርስ «የእኔን የሐኪም ወረቀት ነው የለጠፉት» አለች። የሚቀራት የሕፃናት መጫወቻና አንድ የሚዞር ባቡር ነው፤ በዚያም ላይ ቢሆን ሰልፉ ቆሞ አንድ ሰዓት ነው። የምታውቁት እንደሆነ፣ የጉልበት ሕመምተኛ የሚፈራው መቆምን ነው።

ፓርኩ ፈጣኑን ያጥፋ አንልም። ልጆቻችን ይገድሉናል። የምንለው ሐዲዱ እዚያው ቆሟል ነው። ካላስፈለገ ይፍረስ፤ ካልፈረሰ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ይሂድበት። ሰርጓጅ መርከቦቹ በዘጠኝ ዓመት ተመልሰዋል። የኒሞም ይሁን የቲያና፣ የፈለጉትን ሥዕል ይለጥፉባት። የምንለምነው ሥዕሉን አይደለም፤ ወንበሯን ነው።

ያን ዕለት ልጆቹ ሰልፋቸውን ጨርሰው እስኪወጡ እማዬን ሐዲዱ ጥላ ካረፈበት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ኋላ እኛም አብረናት ተቀመጥን፤ የእኛም ወገብ ነገሩን እየለመደ ነው። ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣችና አዘገነችን። የገብስ ነበር። ልጆቹ ጸጉራቸው ቆሞ፣ ፊታቸው ቀልቶ እየሮጡ መጡና እላይ ምን እንዳለ ጠየቁ፤ ሁላችንም አንጋጠን እናይ ነበርና።

«ባቡር» አለች እማዬ።

«የታለ?»

«ቀርፋፋ ናት፤ ገና እየመጣች ነው» አለችና ለእነሱም ቆሎ አዘገነቻቸው። ትንሹ እውነት መስሎት አጠገቧ ቁጭ አለና ወደ ላይ እያየ መጠበቅ ጀመረ።